በአንድ እግር

ወለሉ ሲሚንቶ፤ የነጭ ፕላስተር መስመር፤
ከሄርማታ ልብስ ሰፊ የተዋስኩት ሜትር።
ረምላ ቆማለች በግራ እግሯ ብቻ፣
እጇ ወገቧ ላይ፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ።
«ልዝለል?» ትለኛለች።
«ቆይ» እላታለሁ፤ «መጀመሪያ ቁሚ። መቆምሽን ልይ።»

ቁርጭምጭሚቷ እንደ ሬዲዮ መርፌ ይዋልላል፤
ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ደግሞ ይለቃል።

ሌላ ሴት በዘጠኝ ወር ልጅ ታቅፋለች፤
ረምላ አንድ ጅማት አርግዛ ከርማለች፣
ከጭኗ ኋላ መዘው ከጉልበቷ የሰፉት፣
ከጫማ ክር ብዙም የማይወፍር፣
ስሙን እንኳ የማታውቀው፣ ሳይበጠስ በፊት።

ጅማት በጅማ ላይ፤ ቃሉ ይቀልዳል።
ጉልበትስ? አማርኛ የሚታጠፈውን፣ የሚያቆመውንም
በአንድ ስም ጠርቶ ይገላገላል።
ስሙ ሲሰነጠቅ የቱ ቀድሞ ይድናል?

ዘለለች።
አንድ ሜትር ከአርባ በደህናው፣ በቀኙ፤
በግራው ሠላሳ ስምንት፤
ሁለት ጣት አይሞላም የጉድለት መጠኑ።
አሰልጣኝ ነዚፍ በሩን ተደግፎ፣
የእሁዱን አሰላለፍ በኪሱ አጣጥፎ፣
«አለቀ!» ይለኛል፤ «ከመቶ ዘጠና ስምንት!
እኔ ይህን ያህል አግኝቼ አላውቅም ትምህርት ቤት።»

እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።
ሜትር ርቀት እንጂ ማረፍን አያውቅም፤
ማረፍ በጆሮ ነው።
ቀኟ እንደ ድመት ነው፤ ኮሽታም አይሰማም።
ግራዋ አምሽቶ እንደገባ ተከራይ፣
አከራይ እንዳይነቃ ጫማውን አውልቆ፣
ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ተጠንቅቆ ተጠንቅቆ፣
መጨረሻ ላይ ጣሳ እንደሚመታው።

«ድገሚ» አልኳት፤ «አሁን ግን እየዘለልሽ
የታክሲ ረዳት ሁኚ። ሰፈር ጥሪ።»
ሳቀች።
«መንደራ!» ጉልበቷ ቀጥ፣ ከጣቷ ትይዩ።
«ቆጪ! አጂፕ! ሄርማታ!» ደህና፤ አሁንም ደህና።
«ፈረንጅ አራዳ!» ጎሽ።
«ስታዲየም!»
የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ፣ ስሙ እንደተጠራ፣
ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሸሸ፤
ከቀኝ ጎረቤቱ ተጠጋ፣ ሊደበቅ ከእሱ ጋራ።

ማንም አልተናገረም።
ቆርቆሮው ላይ የግንቦት ዝናብ ጀመረ።
ነዚፍ ወረቀቱን አወጣ፤
ሳያየው አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

እዚያ ነው የሆነው፣ ባለፈው ክረምት፣ በሰሜኑ ጎል በኩል።
ማንም ሳይነካት። ኳስ ተከትላ ስትዞር።
ድምፁን እሷና ተቀያሪዎቹ ሰሙት፤
የሸንኮራ አገዳ ስብራት።

ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፤ «ዝግጁ»፣ «ዝግጁ አይደለችም»።
ሦስተኛ የለም።
በጠርዙ ላይ ጻፍኩ፤ «ጅማቱ ድኗል። ቃሉ አልዳነም።»
ረምላ ጎንበስ ብላ አነበበችው፤
«አንተ ዶክተር እንኳ አይደለህም!» አለችኝ።
እውነቷን ነው።
በሩን ስትዘጋው በግራ እግሯ ነበር የገፋችው፤
እሱንም መዘገብኩ።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ሣሩ ጤዛ እንዳዘለ፣
ሦስታችን ሄድን እዚያው፣ የሆነበት ቦታ፤
ፕላስተሩ ጭቃው ላይ አልጣበቅ አለ፤
በጫማዬ ተረከዝ መስመር አሰመርኩላት።
«ሰፈር ልጥራ?»
«አይ፤ ዝም ብለሽ።»
ረጅም ጊዜ ቆመች በአንድ እግሯ።
ጭጋጉ ከጅሬን ላይ በስሱ ሲቀደድ፣
ነዚፍ ፊሽካውን በመዳፉ አፍኖ፣
ዘለለች።

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።
አንድ ነገር ሰማሁ፤ ወይም አልሰማሁም።
ሜትሩ ጭቃ ለብሶ ቁጥሩ ጠፍቶበታል፤
ሰፊው ይቆጣኛል።
ቅጹ ከኪሴ ነው። ሳጥኑን አልሞላሁም።